ቄጠማ የበላው ሮቦት

የእንቁጣጣሽ ማግስት ነበር። ሱቄን ገና መክፈቴ ነው። አንዲት ደንበኛዬ ድፎ ዳቦ የሚያክል ክብ ነገር በፌስታል አንጠልጥላ መጣች። ወለል ጠራጊ ሮቦት ነው። እህቷ ከዱባይ የላከችላት።

«ትናንት ሲሠራ ሲሠራ ቆየና ጮኾ ቆመ» አለችኝ። «ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው የሚጮኸው።»

ገልብጬ ብሎኖቹን ፈታሁ። ብሩሹ ላይ አረንጓዴ ነገር ጥምጥም ብሏል። ብስበው ብስበው አያልቅም። ሽታው ሲመጣ ነው የገባኝ። ቄጠማ!

«ለበዓል የጎዘጎዝሽውን ነው የበላው» አልኳት። ሁለታችንም ሳቅን። ብሩሹን አጽድቼ፣ ሞተሩን ሞክሬ መለስኩላት። ሒሳብ አልተቀበልኩም፤ ዓመት በዓል ነው።

ከሄደች በኋላ ግን ነገሩ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። ሮቦቱ እኮ አልተሳሳተም። የተሠራበት አገር ወለል ላይ የተበተነ ሳር ቆሻሻ ነው። እኛ ጋ ያው ሳር በዓሉ ራሱ ነው። ይሄን ማን ይንገረው?

ለማታውቁኝ፣ ምጣድ ጠጋኝ ነኝ። ስቶቭም፣ የውሃ ማሞቂያም፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽንም እሠራለሁ። እንጀራዬ ግን ምጣድ ነው። ሱቄ ኮዬ ፈጬ፣ ኮንዶሚኒየሙ ሥር ናት። በቱሉ ዲምቱ በኩል ነው የሚመጣው። እዚህ ሰፈር መገናኛ ወይ ፒያሳ የሚሄድ ሰው «አዲስ አበባ ደርሼ ልምጣ» ይላል። 

ቤታችን አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። እማዬ፣ ታናሽ እህቴ፣ የእሷ ልጅና እኔ። ሊፍት የለም። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ቢመጣ ነው፤ ያውም ሌሊት፤ ያውም እስከ ሁለተኛ ፎቅ። ቢጫ ጀሪካን ተሸክሞ መውጣት የኔና የልጁ ሥራ ነው።

ልጁ 12ኛ ክፍል ነው። ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲው ከኛ ሰፈር ብዙ አይርቅም። እዚያ ገብቶ ሮቦት መሥራት ነው ሕልሙ። ማታ ማታ እራት ላይ ስልኩን አውጥቶ የሰው ቅርጽ ያላቸው ሮቦቶች ሲጨፍሩ፣ ሲገለባበጡ፣ ልብስ ሲያጥፉ ያሳየናል። እኔ የማየው እንደ ጠጋኝ ነው። መገጣጠሚያው በምን ታሰረ? ባትሪው የት ነው? ሲበላሽ በየት በኩል ይከፈታል? እማዬ ደግሞ የምታየው በሌላ በኩል ነው።

«ሰው ነው?» አለች አንድ ቀን።

«አይ እማዬ፣ ማሽን ነው። ቤት ውስጥ የሚሠራ።»

«ታዲያ ማታ የት ይተኛል?»

«አይተኛም። ጥግ ላይ ቆሞ ቻርጅ ይደረጋል።»

አማተበች። «በጨለማ? ቆሞ? እኔ ሽንት ቤት ልሄድ ስነሳ በድንጋጤ ልሞትላችሁ ነው?»

ማሳሂሮ ሞሪ የሚባል ጃፓናዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1970 ይሄንኑ ጽፎታል። ሮቦት ሰው እየመሰለ በሄደ ቁጥር እየወደድነው እንሄዳለን። ሰው ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ግን በድንገት ይቀፈናል። ሬሳ ድንገት ቀና ብሎ ያየን ያህል። እማዬ ጽሑፉን ሳታይ በአንድ ጥያቄ ጨረሰችው። ለዚህ ይመስለኛል አንዳንዶቹ ኩባንያዎች አሁን የሰው ፊት መሥራቱን ትተው ሮቦቱን ሹራብ ነገር ማልበስ የጀመሩት።

የሰው ፊት ያላትንማ አይተናታል። በ2010 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ሶፊያ የምትባለው ሮቦት አዲስ አበባ መጥታ ነበር። የሆንግ ኮንጉ ሐንሰን ሮቦቲክስ ሥራ ናት። ሶፍትዌሯ ላይ ግን አይኮግ ላብስ የሚባለው የአዲስ አበባ ኩባንያ ልጆች፣ የኛዎቹ፣ እጅ አለበት፤ ይሄን ስሰማ ደረቴን ነፋ አድርጌያለሁ፣ አልዋሽም። ከጠቅላይ ሚኒስትሩም ጋር ተገናኘች። እኔን ያሳቀኝ ሌላው ነው። ስትመጣ ፍራንክፈርት አየር ማረፊያ ላይ የአካሏ ክፍል ያለበት ሻንጣ ጠፋ ተባለ። በዚያች ቀን ነው ሰው የመሰለችኝ። ሻንጣ የጠፋበት መንገደኛ!

ወደ ቤቱ ሮቦት ልመለስ።

ዩኒትሪ የሚባለው የቻይና ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2024 ጂ1 የተባለውን ሮቦት ከ16 ሺህ ዶላር ጀምሮ ለገበያ አቀረበ። ቁመቱ 1 ሜትር ከ30 ገደማ ነው፣ ክብደቱ 35 ኪሎ። አንድ ጊዜ ቻርጅ ተደርጎ የሚሠራው 2 ሰዓት ገደማ። በዓመቱ አር1 የሚባለውን በ5,900 ዶላር አወጡ። በዚያው በ2025 ጥቅምት ላይ ደግሞ ዋን ኤክስ የሚባል ኩባንያ ኒዮ የተባለ ለቤት ተብሎ የተሠራ ሮቦት አስተዋወቀ። ሹራብ ለባሹ እሱ ነው። ዋጋው 20 ሺህ ዶላር፤ ወይም በወር 499 ዶላር ኪራይ። በብር ስትመቱት መግዣው ወደ 3 ሚሊዮን፣ ወርሃዊው ወደ 75 ሺህ ይጠጋል። ጎረቤታችን ለሠራተኛዋ በወር 5 ሺህ ነው የምትከፍለው። ያንንም እየተጨቃጨቀች።

ልጁ «ኒዮ 25 ኪሎ ይሸከማል» አለኝ። አሰብኩት። ሙሉ ጀሪካን 20 ኪሎ ነው። በወረቀት ፈተናውን ያልፋል። ግን የኛን ደረጃ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ስትወጡ አንዷ ደረጃ ከሌሎቹ ከፍ ትላለች። ሠሪው ሲሚንቶ ተርፎት ይሁን ቸኩሎ እንጃ። ነዋሪው ሁሉ እግሩ ለምዷታል፤ በጨለማም ሳያስበው እግሩን ከፍ ያደርጋል። እንግዳ ግን ሁሌም እዚያች ላይ ነው የሚደናቀፈው። ሳሎን ተቀምጠን በደረጃው በኩል «ውይ!» ሲል ከሰማን እንግዳ እየመጣ ነው እንላለን።

የሰው ቅርጽ የሚሰጧቸው ለዚህ ነው አሉ። ቤቱ፣ ደረጃው፣ የበር እጀታው ሁሉ ለሰው ተብሎ ስለተሠራ፣ ቤቱን ከመቀየር ማሽኑን እንደ ሰው ማድረግ ይሻላል ነው ነገሩ። ልክ ናቸው። የኛን ብሎክ የሠራው ሰው ግን ለሰውም አስቦ የሠራው አይመስለኝም።

ስለ ኃይሉም የምለው አለኝ፤ ሙያዬ ነውና ታገሱኝ። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ኪሎዋት ተኩል ገደማ ይስባል። የኒዮ ባትሪ ደግሞ 1 ኪሎዋት ሰዓት አይሞላም። በዚያ ባትሪ ምጣድ ብታሞቁበት ሩብ ሰዓት እንኳ ሞልቶ አይቆይም፤ ገና አንድ ሁለት እንጀራ ሳይወጣ ያልቃል። በሌላ በኩል ስታዩት ግን ይገርማል። ሰው የሚያህል ነገር በዚያች ኃይል 4 ሰዓት ያህል ይሠራል ይላሉ። ከምጣድ አንጻር ሮቦት ምግብ አይበላም ማለት ይቻላል። የወር መብራት ሒሳባችንን ሰማይ የሚሰቅለው እንጀራው ነው፣ እሱ አይሆንም።

ቤጂንግ ላይ በሚያዝያ 2025 ሮቦቶች ግማሽ ማራቶን ሮጠዋል። 21 ተሰልፈው አንደኛ የወጣው ቲያንጎንግ 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ፈጀበት። ሦስት ጊዜ ባትሪ ተቀይሮለት፣ አንድ ጊዜም ወድቆ። ዮሚፍ ቀጀልቻ በ2024 ቫሌንሲያ ላይ ያንኑ ርቀት በ57 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ነው የገባው። ባትሪ ሳይቀየርለት። ይሄን ስለው ልጁ «ሳቅ፣ ሳቅ፣ አምስት ዓመት ጠብቅ» አለኝ። ልክ ሊሆን ይችላል። ከጥቂት ዓመት በፊት «ኮዬ ፈጬ ኤሌክትሪክ መኪና ይመጣል» ቢሉኝ እስቅ ነበር። በ2024 መንግሥት የነዳጅ መኪና ማስገባት ከለከለ፤ ዛሬ አንዱ ጎረቤቴ ማታ ማታ ከሱቄ ገመድ ስቦ መኪናውን ይሞላል። ስለዚህ «በፍጹም» የሚለውን ቃል ትቻለሁ።

ግን ደግሞ ሌላ ትዝታ አለኝ። ሆንዳ አሲሞ የሚባለውን ሮቦት እ.ኤ.አ. በ2000 ሲያወጣ ያኔም «በቅርብ ቀን በየቤታችሁ» ነበር ወሬው። አሲሞ ደረጃ ወጣ፣ ኳስ ለጋ፣ ከአገር መሪ ጋር ተጫወተ። በ2022 ጡረታ ወጣ። በየቤቱ ሊገባ ቀርቶ ገበያ ላይም አልዋለ።

ምን ያዘው? እጅ ነው የያዘው።

ምጣድ እንዴት እንደሚጠገን ልንገራችሁ። ሸክላውን ትገለብጡታላችሁ። ከሥሩ ዙሪያውን የተጠማዘዘ ቦይ አለው። የተቃጠለውን ሬዚስታንስ አውጥታችሁ፣ አዲሱን እየለጠጣችሁ ቦዩ ውስጥ ትቀብሩታላችሁ። ጉዱ ያለው አለጣጠጡ ላይ ነው። አንድ ቦታ ጠበቅ፣ ሌላ ቦታ ላላ ካለ ምጣዱ በአንድ ጎን ያራል፣ በሌላ ጎን ሊጥ ሊጥ ይላል። ስንት ሴንቲ ይለጠጥ? አላውቅም። ሃያ ዓመት ሠርቼ አንድም ቀን በሜትር ለክቼ አላውቅም። ሽቦው በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መሃል ሲነግረኝ አቆማለሁ። ረዳት ቀጥሬ ሳስተምር የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው። «አሁን በቃ። ተሰማህ?» አይሰማውም። «ተሰማህ?» አይሰማውም። ስድስት ወር ይፈጃል። አንድ ቀን ሳልጠይቀው ራሱ ያቆማል። ከዚያ ወዲያ ሙያተኛ ነው፤ ወጥቶ ከፊት ለፊቴ የራሱን ሱቅ ይከፍትብኛል።

ኮምፒውተር እ.ኤ.አ. በ1997 የዓለም የቼዝ ሻምፒዮኑን ካስፓሮቭን አሸንፏል። ከ13 ዓመት በኋላ፣ በ2010፣ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ አንድ ሮቦት ፎጣ እንዲያጥፍ አደረጉ። አጠፈ። ለአንድ ፎጣ ከ20 ደቂቃ በላይ እየፈጀበት። የሰው ልጅ ትልቅ ዕውቀት የሚለው ለማሽን ቀላል ሆነ፤ ማንም የሚሠራው የምንለው ደግሞ ከባድ። «ማንም የሚሠራው» የምንለውን ሥራ ማን እንደሚሠራው ታውቃላችሁ።

ሮድኒ ብሩክስ የሚባል ሰው አለ። ሩምባ የተባለውን ወለል ጠራጊ ካወጣው ኩባንያ መሥራቾች አንዱ ነው። የደንበኛዬ ቄጠማ በሊታ አያት ማለት ነው። ዕድሜውን ሮቦት ሲሠራ የኖረ ሰው ነው፣ ግን ሰው መሰል ሮቦቶችን በቪዲዮ ብቻ የእጅ ሥራ አታስተምሯቸውም ብሎ ይከራከራል። የሰው እጅ ውስጥ ንክኪ የሚቀበሉ 17 ሺህ ገደማ የነርቭ ጫፎች አሉ። ቪዲዮው እጁን ያሳያል እንጂ እጁ የሚሰማውን አያሳይም። ሳነበው ረዳቶቼ ናቸው ትዝ ያሉኝ። «ተሰማህ?»

ታዲያ እነዚያ ቪዲዮዎች ላይ ልብስ ሲያጥፉ የምናያቸው ሮቦቶች እንዴት ቻሉ? አንዳንዶቹ በእርግጥ ራሳቸው ናቸው፣ እየለመዱ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ከጀርባ ሰው አለ። ቴስላ በጥቅምት 2024 ሎስ አንጀለስ አካባቢ ድግስ ደግሶ ሮቦቶቹ ለእንግዳ መጠጥ ሲቀዱ፣ ሲያወሩ አመሹ። በማግስቱ ሰዎች ከሩቅ ሆነው ይረዷቸው እንደነበር ተሰማ። የኒዮ ባለቤቶችማ አልደበቁም። ሮቦቱ የማያውቀው ሥራ ሲገጥመው የኩባንያው ሠራተኛ ዓይኑን የሚሸፍን መነጽር አድርጎ፣ የራሱን እጅ እያንቀሳቀሰ ከሩቅ ይነዳዋል። አንዲት አሜሪካዊት ጋዜጠኛ ስትሞክረው ያየችው ሁሉ በሰው የሚነዳ ነበር። ሦስት ዕቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ለመክተት 5 ደቂቃ ፈጀ።

ጃፓንማ ገፍተውበታል። ቶኪዮ ውስጥ አንድ ካፌ አለ፤ አስተናጋጆቹ ትናንሽ ሮቦቶች ናቸው። የሚነዷቸው ከአልጋ መነሳት የማይችሉ ሰዎች ናቸው፣ ከቤታቸው ሆነው። ይሄኛው ልቤን ነካው። ሱቆች ውስጥ መደርደሪያ የሚሞሉ ሮቦቶችም አሉ። እነሱ ሲሳሳቱ የሚያቀናቸው ማኒላ፣ ፊሊፒንስ የተቀመጠ ሰው ነው።

ይሄን ሁሉ እራት ላይ ነው የማወራው። እህቴ ምስር እየለቀመች ዝም ብላ ነበር።

«ቆይ እስቲ» አለች። «ሮቦቱን የሚነዳው ሰው የትም ሊሆን ይችላል?»

«ኢንተርኔት ካለ የትም።»

«እዚህም?»

«እዚህም።»

ሰፌዱን አስቀመጠች።

እህቴ ቤሩት ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። በ2003 ዓ.ም. ስትሄድ ልጁ ሁለት ዓመቱ ነበር። በ2012 ሰኔ ላይ ሊባኖስ ገንዘቧ ወድቆ፣ ኮሮና ተጨምሮ፣ አሠሪዎች የኛን ልጆች እያመጡ ቆንስላው በር ላይ ያራግፉ አልነበር? ከተራገፉት አንዷ እሷ ናት። ከነሻንጣዋ። የስድስት ወር ደሞዟን ሳትቀበል። ልጁ ያደገው በእማዬ እጅ ነው። ዛሬም «እማዬ» የሚለው አያቱን ነው፤ እናቱን በስሟ ነው የሚጠራት። እሷም ትስቃለች። ስትስቅ ግን ወደ ሌላ ዞራ ነው።

«እንግዲህ ስማኝ ጋሼ» አለችኝ። «ጠዋት ልጄን ትምህርት ቤት እሸኛለሁ። ቡናዬን እጠጣለሁ። ከዚያ መነጽሩን አደርጋለሁ። የማዳምን ሳህን አጥባለሁ፣ የሚስተርን ሸሚዝ እተኩሳለሁ። ማዳም ስትጮህ ድምፁን እቀንሳለሁ። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን መነጽሬን አወልቃለሁ፣ ቤቴ ነኝ። ፓስፖርቴ ቁምሳጥኔ ውስጥ ነው። በር የሚቆልፍብኝ የለም። አራተኛ ፎቅ መስኮት ጠርዝ ላይ ቆሜ መስታወት የምጠርገው እኔ አይደለሁም፤ ብትወድቅም ብረቷ ትውደቅ። ምኑ ነው የሚያስጠላው?»

ልጁ ጣልቃ ገባ። «መብራት ቢሄድስ?»

ሁላችንም አሰብነው። ኮዬ ፈጬ መብራት ይሄዳል። ቤሩት ውስጥ ሮቦቱ ሳህን እንደያዘ ደርቆ ይቀራል። ማዳም ዙሪያውን እየዞረች ትጮሃለች። እህቴ ሻማ ትፈልጋለች። እማዬ እስክታስል ሳቀች።

ሳቁ ሲበርድ እኔ ጠጋኝነቴን አመጣሁ። እንዲህ ዓይነቱ ሥራ ዝም ብሎ ሥራ አይደለም አልኳት። እጅሽን ባንቀሳቀስሽ ቁጥር ማሽኑ ይመዘግባል። ለዚህ ነው የሚፈልጉሽ። ሕንድ ውስጥ ሰዎች ካሜራ ጭንቅላታቸው ላይ አስረው ቀኑን ሙሉ ፎጣ ሲያጥፉ ይውላሉ። ፎጣውን የሚፈልገው የለም፣ ቪዲዮው ነው የሚሄደው። አንቺም እንደዚያው። ሁለት ዓመት ትነጂዋለሽ፣ ከዚያ እሱ ብቻውን ይችላል። የኔ ረዳቶች እንኳ ሱቅ ከፍተው ሲወጡ «ጋሼ፣ ይቅናህ» ብለውኝ ነው። ይሄ ምን ብሎሽ ይሄዳል?

«እኔን ማን ተካኝ?» አለች።

«እንዴት?»

«ቤሩት። ከኔ በኋላ በሳምንቱ ሌላ ልጅ አስገብታለች አሉኝ። እሷ ሮቦት ናት እንዴ? ምን ለውጥ አለው ታዲያ?»

ልጁ ስልኩን እየነካካ «ሮቦት የሚለው ቃል ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ?» አለ። ከቼክ ቋንቋ ነው። ሮቦታ ማለት የግዴታ የጉልበት ሥራ። ገባሩ ለባለመሬቱ በነጻ የሚሠራው ዓይነት። የዛሬ 100 ዓመት ገደማ ነው ለማሽን የተሰጠው።

«ዘጠኝ ዓመት ሮቦት ነበርኩ በሉኛ» አለች እህቴ። ምስሯን መልቀም ቀጠለች።

ማዳሟ ሳሎን ውስጥ ካሜራ ነበራት። ከቢሮዋ ሆና በስልኳ ታያታለች። ትደውልና «ከሶፋው ሥር አልጠረግሽም» ትላታለች። ቁጭ ስትል ትደውላለች። ዛሬ ነገሩን ሳስበው፣ ከሩቅ በሚነዳ ሰው ስትሠራ የኖረችው እሷ ናት። መነጽሩን ከወዲያ ወደ ወዲህ ማዞር ነው የጠየቀችው። ሶፊያ እ.ኤ.አ. በ2017 ከሳውዲ ዜግነት ስታገኝ እህቴ ቤሩት ነበረች። የራሷን ፓስፖርት እንኳ በእጇ ሳትይዝ።

ትንሽ ቆይታ፣ ለማንም ሳይሆን እንዲያው «ያኔ ቢኖር ልጄን እኔ አሳድገው ነበር» አለች።

ልጁ ስልኩን አጠፋ። እኔም ስለ ባትሪ ማውራቴን አቆምኩ።

የኔ ግምት ምንድነው ካላችሁ፣ ሮቦቱ ፋብሪካና መጋዘን ነው መጀመሪያ የሚገባው፤ ጀምሯልም። እኛ ሰፈር የሚደርሰው እንደ ቪትዙ፣ እንደ ስልኩ ነው። አገልግሎ። ከዱባይ በሻንጣ፣ አንድ እጁ የማይታዘዝ፣ ቻርጀሩ የጠፋ። አንዷ ደንበኛዬ በነጠላ ሸፍና ታመጣውና «ታይልኛለህ?» ትለኛለች። መለዋወጫ የለም እላታለሁ። ከሁለት የሞቱ አንድ ደህና አወጣለሁ። ይሄ አያስፈራኝም። እንዲያውም ልቤ ይጓጓል፣ እውነቱን ለመናገር። የሚያሳስበኝ ከዚያ በፊት የሚመጣው ነው። «ከቤትሽ ሆነሽ ሥሪ» የሚል ማስታወቂያ ታክሲ መያዣው ምሰሶ ላይ ይለጠፋል። ደላላው ያው የድሮው ደላላ ነው። ክፍያው ስንት እንደሆነ፣ ሰዓቱ ስንት እንደሆነ፣ የተቀዳው እጅ የማን እንደሆነ የሚጠይቅ አይኖርም። እህቴን የሸኛት ደላላም ውሏን አላስነበባትም ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ መብራት ማታ አራት ሰዓት ላይ መጣ። ሊጡ ኩፍ ብሎ ሊፈስ ደርሷል፤ ነገ ይደር አይባልም። እህቴ ምጣዱን ለኮሰች። እኔ ነኝ የጠገንኩት፣ ዙሪያውን እኩል ነው የሚግለው፣ በሱ እንኳ አትሙኝ። ማሰሻውን አንሸራሸረችበት። መዳፏን ከምጣዱ ከፍ አድርጋ ለአፍታ ያዘች። መለኪያዋ ያቺ ናት። ከዚያ ሊጡን በጣሳ ቀድታ ከዳር ጀምራ ወደ መሃል ዞረች። እጇ አይቸኩልም፣ አይቆምም። ሊጡ ቀጠን ያለ ስለሆነ ዛሬ ከወትሮው ፈጠን ትላለች። ዓይኑ ፍንጥር ፍንጥር ማለት ጀመረ።

ስልኬን አውጥቼ ከላይ ቀረጽኳት። ለምን እንደሆነ እኔም አላውቅም። እጇን ብቻ።

«ምንድነው?» አለች ቀና ሳትል።

«እጅሽን ነው። እነዚያ ሰዎች እንዲህ ነው የሚቀርጹት፣ ከላይ።»

«በሰዓት ስንት ይከፍላሉ?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያው አጥፋው» አለችና አክንባሎውን ደፋችበት።